«ወላጅ» የምትለዋን ቃል ከሱቄ ያባረርኩበት ምክንያት

የፎቶ ኮፒ ማሽን ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ አለ። ሚስቴን ራሷን ያማታል፤ እኔን ግን ዓመታት ወደ ኋላ ይዞኝ ይነጉዳል። ባለፈው ሳምንት ሶዶ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ሲያካፋ፣ ማሽኑን ገና አብርቼ እጄን ክዳኑ ላይ እያሞቅሁ ቆሜ ሳለ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ዣንጥላዋን በሩ ላይ ሦስት ጊዜ አራግፋ ገባች። መልኳን ሳላይ በአረጋገፏ አወቅኋት። ምህረት ናት። «ጋሼ፣ ደህና ነህ? ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ?» አለችኝ። ዛሬ አረካ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። እኔ ግን ባየኋት ቁጥር የማያት በዚያው በር ላይ፣ የሸራ ጫማዋ በቀይ ጭቃ ተለውሶ፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ የቆመችዋን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ያቺን ተማሪ ከግቢ ሊያባርሯት ነበር። ጥፋቷ አባቷ ሁለት ጊዜ መሞቱ ነው።

ያኔ ዩኒቨርሲቲው አዲስ ነበር። የሕንፃው ቀለም ሳይደርቅ ተማሪ ገባበት፤ አስፋልቱ እስከ በሩ ስላልደረሰ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ነጥቆ ያስቀር ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት አልረገጥኩም። ቤተሰቦቼ ከጉራጌ ደጋ ወርደው እዚህ ልብስ ሰፊ የነበሩ ናቸው፤ እኔ ደግሞ የተማርኩት ሶዶ ገበያ ላይ ነው፣ መጀመሪያ በሰልባጅ ልብስ፣ ቀጥሎ በፕላስቲክ ጫማ። ሰዎቹ ለግቢው አጥር ሲያጥሩ ሌላው ነጋዴ ቆሞ ያይ ነበር፤ እኔ ሄጄ ፎቶ ኮፒ ማሽን ገዛሁ። አንድ ገጽ በሠላሳ አምስት ሳንቲም። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ባጃጅ ከመናኸሪያ እስከ ግቢው በር ብር ከሃምሳ፣ ሦስቱ ከኋላ፣ አራተኛው ከሹፌሩ ጎን ግማሽ አካሉን ለነፋስ ሰጥቶ። ወንዶቹ ከጉልበት በታች የሚሰፋ ጂንስ ይለብሱና እግሩን ጭቃ እንዳይነካው እንደ ሙሽራ ቀሚስ ሰብስበው ይይዙታል። ስልክ ያለው ባለ ባትሪ ስልክ ነው፣ መብራት ሲጠፋ በእሱ ያነባል። ከሱቄ ፊት ለፊት ሲዲ ቤት ነበረ፤ ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት ዘፈን ይከፍታል። ቅዳሜ ወላይትኛ ጭፈራ ሲያስነሳ ወረፋ የያዘው ተማሪ ወገቡን መግታት ያቅተውና የሚያስባዛውን ሃንድ አውት ያጨማድደዋል። ሲዲ ቤቱ ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል፤ ዝም ያለ ሱቅ ሆኗል።

ጽሕፈትም እጽፍ ነበር፣ በሁለት ጣት። ኮምፒውተሬ ላይ አራት ፋይል ነበረኝ፦ «ጋብቻ»፣ «ኪራይ»፣ «ይቅርታ»፣ «ሞት»። ስም ብቻ እየቀየርኩ አትማለሁ። «ሞት» የሚለው እንዲህ ይላል፦ «የአመልካች ወላጅ አባት የሆኑት አቶ እገሌ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ ስለሆን፣ ያመለጣቸው ፈተና በድጋሚ እንዲሰጣቸው...» «ስለሆነ» ለማለት ነው፤ ጣቴ ሳተ፣ ማንም አልነገረኝም፣ እንዲሁ ቀረ። ተማሪው ያንን ይዞ አገሩ ይሄድና የቀበሌውን ማኅተም አስመትቶ ይመለሳል፤ የገጠር ቀበሌ ኮምፒውተር አልነበረውምና። «ወላጅ» የምትለዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ። «አባት» ብቻ ሲሆን ደብዳቤው ቀለለብኝ፤ ወላጅ ስጨምርበት ክብደት ገባለት። ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚቀላቅሉ ነጋዴዎችን ስሰድብ የኖርኩ ሰው፣ ደብዳቤ ውስጥ ቃል ስቀላቅል ኅሊናዬን አልቆረቆረኝም።

የምህረትን አባት በደንብ አውቀው ነበር። አቶ ላሊሶ ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዲምቱ በኩል በመኪና ይመጣና፣ በአንድ እጁ ቦዬ የሚሉት ሥራ ሥር የሞላ ጆንያ፣ በሌላው በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዞ፣ ከሱቄ በር አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ልጁን ይጠብቃል። መጀመሪያ ቀን ራሱን ሲያስተዋውቀኝ «የምህረት አባት ነኝ» አለ፤ ከዚያ በላይ አማርኛ ብዙ አልነበረውም። የእኔም ወላይትኛ የገበያ ነው፣ ቁጥርና «ትንሽ ቀንስ» ከማለት አያልፍም። በዚያችው ተግባባን። አንድ ቀን ማሽኑ ሲያባዛ አፍጥጦ ካየ በኋላ ለምህረት አንድ ነገር አላት፤ እሷ በሳቅ ተንከተከተች። «ምን አለ?» አልኳት። «ይሄ መኪና ሰው ማባዛት ይችላል ወይ ነው የሚለው። ከቻለ እኔን ሦስት አርጎ ያውጣኝ፣ አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ገበያ ይሄዳል፣ አንዱ እዚህ ምህረት ጋ ይቀመጣል አለ።» እሷ ሁለተኛ ዓመት ሳለች፣ ፈተና ሳምንት ላይ ሞተ። «ሞት»ን ከፈትኩ፣ ስሙን አስገባሁ፣ አተምኩ። ፈተናውን በድጋሚ ፈተኗት፣ አለፈች።

የምረቃ ዓመቷ ላይ ደግሞ በዚያው በር መጣች። «ጋሼ፣ አባቴ ሞተ።»

ከማሽኑ ቀና አልኩ። «ላሊሶ?»

«እሱማ ሞቷል። ዳና ነው፤ የወለደኝ።»

እዚያው ቆማ ነገረችኝ። ላሊሶ የዳና ታላቅ ወንድም ነው። ልጅ አልነበረውም፤ ዳና ቤት ደግሞ ልጅ ሞልቷል። ጡት ስትጥል ወስዶ አሳደጋት። ትምህርት ቤት ያስገባት ላሊሶ፣ በሬ ሸጦ ቦርሳ የገዛላት ላሊሶ፤ መዝገብ ላይ ግን የተጻፈው ምህረት ዳና ነው። «በእኛ ቋንቋ ሁለቱም አዋ ናቸው» አለችኝ፤ አባት ማለት ነው። ያኔ እጄ «ወላጅ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆሞ ነበር። ካለፈው ደብዳቤ ጋር እንደምትጋጭ አውቄአለሁ። ግን ከኋላዋ አሥራ አምስት ሰው ወረፋ ይዞ ያጉረመርማል፣ ደግሞ ለዳና ቃሏ እውነት ናት ብዬ ስሙን ቀይሬ አተምኩት። በንግድ ዘመኔ ከሠራኋቸው ስህተቶች ትልቁ ያ ነው፤ ሌሎቹ እኔን ብቻ ነው የጎዱት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድ ወረቀት ልታስባዛ መጣች። ደንበኛ የሚያስባዛውን አላነብም ብዬ ብምል ማን ያምነኛል? ከዩኒቨርሲቲው ዲሲፕሊን ኮሚቴ የመጣ ክስ ነው። የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ፋይሏን ስታገላብጥ ሁለቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን አግኝታለች፦ ሁለት ወላጅ አባት፣ ሁለት የተለያየ ስም፣ ቃል በቃል አንድ ጽሑፍ። «በሐሰተኛ ማስረጃ ፈተና በማስተላለፍ» ይላል። ቅጣቱ እስከ መባረር ይደርሳል። ምረቃው ደግሞ ሁለት ወር ቀርቶታል።

ከችሎቱ በፊት የኮሚቴው ሰብሳቢ አስጠርቶ መላ ሰጣት። ሰውየው ከሩቅ የመጣ ወጣት ዶክተር ነው፤ አልዋሽም፣ ጨዋ ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። እኔ ገበያ ላይ የምፈራው እንደዚህ ያለውን ነው። «የመጀመሪያው ሰው አባቴ አልነበረም፣ አጎቴ ነው፣ ዋሽቻለሁ ብለሽ ፈርሚ፤ በመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እናልፍሻለን፣ ከጓደኞችሽ ጋር ትመረቂያለሽ» ብሏታል። እኔ ነጋዴ ነኝ። ይሄንን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ከመባረር ወደ ማስጠንቀቂያ መውረድ እኮ ትልቅ ቅናሽ ነው። ሳትጠይቀኝ «ይቅርታ» የሚለውን ፋይል ከፍቼ ጻፍኩላት፦ «አቶ ላሊሶ አባቴ ሳይሆን...» አትሜ ሰጠኋት።

አነበበች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ መለሰችው።

«ይሄን ደምስሰው ጋሼ።»

«ምህረት፣ ወረቀት ነው እኮ። ሰውየው አፈር ውስጥ ነው፤ አይሰማሽም።»

«እኔ እሰማለሁ።»

«ዲግሪሽን ያዢና ከዚያ በኋላ በየቀኑ አባቴ ነው እያልሽ ኑሪ፤ ማን ይከለክልሻል?»

«አንተ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ የሚቀመጠው ሰውዬ ማን ነበር?» አለችኝ ወደ አግዳሚዋ እያሳየች።

«አባትሽ።»

«በቃ። ታዲያ ምን ትለኛለህ?»

ወጥታ ሄደች። እኔ ሃምሳ ደንበኛ በምላሴ አሸንፌ ስሸጥ የኖርኩ ሰው፣ በአንዲት ልጅ ሁለት ቃል ተረታሁ። ሌላም ነገር ነበረብኝ፤ ያን ጊዜ ለማንም አላወራሁትም።

የኮሚቴው ደንብ በትንሽ መጽሐፍ መልክ የተዘጋጀ ነበር። እንዳባዛላቸው የሰጡት ለእኔ ስለሆነ፣ ከተማሪዎቹም ከመምህራኑም በላይ አውቀው ነበር። ተከሳሽ ምስክር የማቅረብ መብት አለው ይላል፤ ምስክሩ ተማሪ ይሁን አይልም። የችሎቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘጋሁ። ግቢው በር ላይ ዘበኛው አስቆመኝ፤ ሁልጊዜ የሚያውቀኝ ሰው ያን ቀን ሥራ ላይ ነውና እንደማያውቀኝ ሆነ።

«ጋሽ ተካ፣ መታወቂያ እዚህ ይቀመጣል። ለምን ጉዳይ ልበል?»

«ለአባት ጉዳይ።»

«ለማን አባት?»

«እሱን ነው ልጠይቅ የምገባው።»

አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ሰው። ሰብሳቢው ዶክተር መሃል፣ በቀኙ የሕግ መምህር፣ በግራው የዶርም ፕሮክተርና የተማሪዎች ተወካይ፣ ከዳር ደግሞ ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው ወይዘሮ አስካለ፤ የሶዶ ልጅ ናት፣ የሰንበት መዝሙሯን በየጊዜው ያባዛሁላት። ምህረት ከፊታቸው ለብቻዋ ወንበር ላይ ናት። ስታየኝ ፊቷን አዞረች፤ እንደገና ላስፈርማት የመጣሁ መስሏታል።

«እርስዎ የተማሪዋ ምኗ ነዎት?» አለኝ ሰብሳቢው።

«ፎቶ ኮፒ ቤቷ ነኝ።»

ተወካዩ ሳቁን በሳል አሳለፈው። የሕግ መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ሁለቱን ደብዳቤ ወደ ላይ አነሳ። «ይመልከቱ። ቃል በቃል አንድ ናቸው። ስህተቱ ራሱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ላይ ‹ስለሆን› ይላል። ይሄ የአንድ አጭበርባሪ እጅ ነው።»

«እጁ ይኸው» ብዬ ሁለት ጣቶቼን አነሳሁ። «በእነዚህ ነው የምጽፈው። እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው በሞተበት ተማሪ ሁሉ ፋይል ውስጥ ግቡ፣ ‹ስለሆን›ን ታገኙታላችሁ። ‹ወላጅ› የሚለውንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አባቴ ነው ያለችኝ። ዕቃውን ያበላሸሁት ነጋዴው ቆሜ እያለሁ ገዢዋን ምን ታደርጓታላችሁ?»

በጣም ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «እናመሰግናለን አቶ ተካ። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰው ወላጅ አባቷ እንዳልነበረ ምስክሯ ራሱ አረጋገጠ ማለት ነው። ጉዳዩን አቀለሉልን።»

ከገዛ ሱቄ ገመድ ገዝቶ በእሱው አሰረኝ። ያኔ ምህረት ብድግ አለች።

«ወላጄ አይደለም» አለች። «ያንን ቃል ጋሼ ይውሰደው፣ የእሱ ነው። አባቴ ግን ነው። አባቴን አልሰጥም።»

«እህቴ፣ ተቀመጪ። ደንቡ አባት ሲል አንድ ሰው ነው የሚያውቀው።»

«ደንቡ እኔን ስላላሳደገኝ ነዋ።»

ፕሮክተሩ «ሥርዓት ያዢ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። እሷ አልተቀመጠችም። እኔም ያልተናገርኩትን ነገር ያኔ ተናገርኩ።

«በር ላይ መታወቂያዬን ይዛችሁብኛል» አልኩ። «ልካችሁ አስመጡና አንብቡት። ተካ ወልዴ ይላል። ወልዴ አጎቴ ነው። የወለደኝ ሰውዬ እኔን ሳያይ ሞተ፤ ወልዴ በስሙ ትምህርት ቤት አስገባኝ፣ መቀስ አስይዞ ገበያ አወጣኝ። ንግድ ፈቃዴ በእሱ ስም ነው፣ የጋብቻ ወረቀቴ በእሱ ስም ነው። ይሄ ሐሰተኛ ማስረጃ ከሆነ ከእኔ ጀምሩ። ግን ትልቅ ግቢ ሥሩ፤ ከእኔ ኋላ የሚሰለፈው ሰው እስከ ኦቶና ሆስፒታል ይደርሳል።»

ከዚያ የወይዘሮ አስካለ ብዕር እንደቆመ አየን።

«ዶክተር፣ ይሄን ልጻፈው?» አለች።

«የቱን?»

«ሁለት አባት የሚለውን።» ብዕሯን ክዳኑ ውስጥ ከተተች። «አይ፣ አምና እርስዎ የኀዘን ፈቃድ ሲፈርሙልኝ፣ እኔም ለሁለተኛው አባቴ ነበር። ባልጽፈው ያስቸግረኛል፣ ብጽፈውም ያስቸግረኛል ብዬ ነው።»

የሕግ መምህሩ ደብዳቤዎቹን ደርቦ አስቀመጣቸው፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ለውሳኔ ቀጠሩ።

ውሳኔው ሙሉ ድል ነበር ብዬ አላጋንንም። ሐሰተኛ ማስረጃ የሚለው ክስ ተነሳ። ነገር ግን ደንቡ ድጋሚ ፈተና የሚፈቅደው «ለወላጅ» ሞት ስለሆነ፣ የሁለተኛ ዓመቱ ውጤት ተሰረዘ፤ ያ ኮርስ ደግሞ የሚሰጠው በሚቀጥለው ዓመት ነው። እንደገና አስጠሯት፤ «ዋሽቻለሁ» የምትለዋ ወረቀት አሁንም ጠረጴዛው ላይ ናት፣ ከፈረመች በማስጠንቀቂያ ታልፋለች፣ ውጤቱ ይመለሳል፣ ትመረቃለች። ያን ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሜ ስትወጣ አየኋት። ፈርማ እንደሆነ ከአካሄዷ ለማወቅ ሞከርኩ። አልፈረመችም።

እኔንም አልረሱኝም። ግቢ እንዳልገባ በደብዳቤ ታገድኩ፤ ምክንያቱ «የችሎት ሥርዓት በማወክ» ይላል። አንድ ቅጂ ለዘበኞቹ፣ አንድ ለአስተዳደር፣ አንድ ለፋይል ያስፈልጋቸው ነበርና መልእክተኛቸው እኔው ጋ አምጥቶ አስባዛው። ጥራት ያለው ወረቀት ተጠቀምኩለት። እገዳው እስከዛሬ አልተነሳም፤ እኔም ይነሳልኝ ብዬ አላመለከትኩም፣ እነሱም እኔ ጋ ማስባዛቱን አልተዉም። የሕግ መምህሩ ለዓመታት ደንበኛዬ ሆኖ ኖረ። ሲመጣ እንግሊዝኛ ጋዜጣ ያነባል፣ ዓይኔን አያይም፤ አንድ ቀን ግን ሲወጣ «አቶ ተካ፣ ‹ስለሆን›ን አርመሃት?» አለኝ። «አላረምኳትም» አልኩት።

ጓደኞቿ የተመረቁ ዕለት ምህረት ሱቄ ውስጥ ነበረች። ጋዋን የለበሱት ልጆች ወረቀት ሊያስባዙ ይገባሉ፣ ያቅፏታል፣ ይወጣሉ። አላለቀሰችም ብል ውሸት ነው። ግን አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣ ነው ያለቀሰችው፣ ላሊሶ በሚቀመጥባት ጫፍ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቶነር የምቀይር መሰልኩ። በዓመቱ ተመረቀች። እኔ ስለታገድኩ አልገባሁም፤ እሷ ጋዋኗን እያውለበለበች፣ ጭቃውን በቄንጥ እየዘለለች ወደ እኔ ወጣች። ፎቶውን አግዳሚዋ አጠገብ ቆማ ተነሳች። አሁንም ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ቀለሙ ወይቧል። አዲስ ተማሪዎች «ልጅህ ናት?» ይሉኛል። እንደ ቀኑ ሁኔታ እመልሳለሁ።

«ወላጅ» የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ ከኮምፒውተሬ አስወጣኋት። ማሽኑን ሁለቴ ቀይሬአለሁ፣ ገጹ ከሳንቲም ወጥቶ ወደ ብር ገብቷል፣ አስፋልቱ እስከ በሩ ደርሷል፣ ጂንሱም ጠበበ። ቃሏ ግን አልተመለሰችም። «ወላጅ»ን የግድ የሚል ቅጽ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ሌላ ቤት እልከዋለሁ፤ ገበያዬን ነው የምሸኘው፣ ይሂድ።

እና ባለፈው ሳምንት፣ ዣንጥላዋን አራግፋ ገብታ፣ ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ አለችኝ። ጥቁር ሻሿን አየሁ።

«ማን ሞተ?»

«አባቴ።»

የትኛው አላልኳትም። ከዳና በታች ያለው ትንሹ ወንድማቸው እንደነበረ በኋላ ሰማሁ፤ እሱ ነበር ከላሊሶ ሞት በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦዬውን የሚያመጣላት። «ሞት»ን ከፈትኩ። «ስሙን ብቻ ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። በሁለት ጣቴ ጻፍኩ፦ አባቴ አቶ ማርቆስ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ ስለሆን፣ የኀዘን ፈቃድ እንዲሰጠኝ። አተምኩና ሰጠኋት። ወረቀቱ ገና ሞቆ ነው። አነበበችው፣ «ስለሆን» ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ትንሽ ተነቃነቀ፣ ብዕር ተቀብላኝ ፈረመች።

«አዲሱ አለቃችን ያስቸግራል ጋሼ» አለች፤ «ዝምድናውን ግለጪ ይለኛል።»

«ገልጸሻል» አልኳት።